ሽሮ በሙዝ

እሑድ መሆኑን የሚነግረኝ አፍንጫዬ ነው። ጠዋት ገና ዐይኔን ሳልገልጥ ከማድ ቤት በኩል ይመጣል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፤ እሱስ ደግ። ቀጥሎ ሽሮው ሲንተከተክ፤ እሱም ይሁን። ከዚያ ግን ጠቁሮ የላመ ሙዝ ድስት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል ጣፋጭ ጠረን ይከተላል። በዚህ በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ ሙቀት ደግሞ ሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ እንደ ክፉ እንግዳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ብሸሽ ደስ ባለኝ። ግን ዳሌዬን ከሰበርኩ ወዲህ ከአልጋዬ እስከ በረንዳ መድረስ ራሱ ለእኔ ጉዞ ነው፤ እሱም ደግፎ የሚወስደኝ ሰው ሲገኝ ነው። ደግፋ የምትወስደኝ ደግሞ ያንኑ ድስት የምታማስለው የልጄ የዳዊት ሚስት፣ ሊዲያ ናት። «እማዬ፣ ሸተተዎት?» ትለኛለች ብብቴን ይዛ ስታነሣኝ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ። «ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው!» ሸተተኝ ልጄ፤ እንዴት አይሸተኝ።

ሰው ይስማኝ። እኔ አስናቀች፣ በዚህ ከተማ ስንቱን ያስተማርኩ፣ ክፍል ስገባ ዝንብ እንኳ ድምፅዋን የምታጠፋልኝ ሴት ነበርኩ። ርእሰ መምህሩን ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» ብዬ አውቃለሁ። የቀበሌ ሹም ገሥጬ አውቃለሁ። «ሽሮ በሙዝ አልወድም» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ዕድሜ ልኬን ከአፌ አልወጣችም። ጥርሴ ሲያልቅ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ሙዝና ሽሮ ጥርስ አይፈልግም። ምኞቴ እኮ ትንሽ ናት። ከመሞቴ በፊት አንድ እሑድ፣ አንድ እሑድ ብቻ፣ እንደ ሰው ምስር ወጥ ልብላ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ የምነግራችሁ እንዳትሠሩት ነው። ሽንኩርቱን አቁላልታችሁ ሽሮውን እንደ ወጉ ታንተከትኩታላችሁ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከዚያ ልጣጩ የጠቆረ፣ ትንኝ የከበበው፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከላንቴ የመጣ ሙዝ ታመጡና በእጃችሁ አፍርጣችሁ ትጨምራላችሁ። መልኩ ወዲያው ይለወጣል፤ ያ የሚያምር ሽሮ አመድማ ይሆንና ማማሰያውን ስታነሡት እየተሳበ ይከተላችኋል። ከአባያ ሐይቅ የመጣ የደረቀ ዓሣ ተወቅጦ አንድ ጭብጥ ይነሰነስበታል። ጤና አዳም ጣል ይደረጋል። ከላይ የተነጠረ ቅቤ፣ ያውም ሳይሰሰት። ከዚያ በበቆሎ ቂጣ ይቀርባል። ለየብቻ ብትሰጡኝ ሁሉንም እወዳለሁ። ሙዙን እወዳለሁ፣ ሽሮ ያደግሁበት ነው፣ ዓሣ ካገኘሁ ነፍሴን አላውቅም። አንድ ድስት ውስጥ ምን አገናኛቸው?

ያገናኛቸው ስኳር ነው። ከጎጃም ወደዚህ ስመጣ ልጅ እግር አስተማሪ ነበርኩ። ዘመኑን ተዉት፤ ሱሪ ከታች ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግበት፣ ጎረምሳው ጎፈሬው ላይ ማበጠሪያ ሰክቶ የሚዞርበት ጊዜ ነበር በሉ። እኔም ከጉልበቴ ከፍ የምትል ሰማያዊ ቀሚስ ነበረችኝ፤ እናቴ ብታየኝ ኖሮ አያድርስ ነው። አርባ ምንጭ ያኔ ሁለት መንደር ነበረች ማለት ይቻላል፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች፣ መሀሉ ቁጥቋጦና ዝንጀሮ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴቻ ቁልቁል በእግራችን ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ይገርፈን ነበር። በአንድ ብር ሙዝ ብትገዙ ቤት የሚያደርስላችሁ ተሸካሚ ያስፈልጋችኋል። እኔ ሙዝ የማውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነበርና በመጀመሪያው ሳምንት ስበላ ስበላ ታምሜ ተኛሁ። ሲቀላ አውቶብስ መቆሚያው አጠገብ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ይውላሉ። ከእነሱ ፊት ለፊት ሬዲዮኗ ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጋ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ሞባይል ይሸጣል፤ ቦታውን ባሰብኩ ቁጥር ግን የሚታየኝ ሻይ ቤቷ ናት።

ባሌን ቶማስን ያወቅሁት እዚያ ነው። የላንቴ ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ በጸሎት ቤታቸው መዘምራን መሀል ጊታር የሚመታ። ሻይ ጋበዘኝ። እኔ ከደጋ የመጣሁ ሰው ስኳር ብርቄ ነበር፤ በነፃ ከቀረበልኝ ማንኪያው ቀጥ ብሎ እስኪቆም እጨምር ነበር። ቶማስ ይህን አየ፣ ሳቀ፣ በልቡም ያዘው። ልንጋባ ስንል እናቱ እማማ ሶስና አሻፈረኝ አሉ። «ጸሎቷ ሌላ፣ ጾሟ ሌላ፣ ቋንቋችንን አታውቅ። ከሩቅ የመጣች ሴት ነገ ልጄን ይዛብኝ ትሄዳለች።» ቶማስ ለመነ፤ ሽማግሌ ላከ፤ የጸሎት ቤታቸውን አገልጋይ ሳይቀር አስቸገረ። በመጨረሻ «ትምጣና በዐይኔ ልያት» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ምን ትበላለች?» ቶማስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሒሳብ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። «እነሱ አገር ሽሮ ነው የሚበላው። እሷ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ትወዳለች» አላቸው። እማማ ሶስናም ሁለቱን ደመሩ።

በዚያ ቤት አንድ ወግ ነበር። አዲስ ለምትገባ ሴት አማቷ በስሟ ለብቻዋ ትሠራላታለች። በስሟ የተሠራው ላይ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም፤ ያበሰለችው ራሷ እንኳ አትቀምሰውም። የሰው ድርሻ መቅመስ ዕድሉን መብላት ነው ይላሉ። እማማ ሶስና ጌታን ካመኑ የቆዩ ናቸው፤ «የድሮውን ሁሉ ትቻለሁ» ይላሉ፤ ይህችን ግን አልተዉም። እንግዲህ የገባችው ሴት በልታ ካመሰገነች ያ ምግብ እስከ መጨረሻው የእሷ ሆነ፤ ቤቱም ሴቲቱን ተቀበለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከበላሁ በኋላ ነው።

ላንቴ የገባሁበት ቀን አሁንም ድረስ ይታየኛል። ሙዙ ግራና ቀኝ ቤቱን ውጦታል። ሰማያዊዋን ቀሚሴን ትቼ የዶርዜ ሸማኔ የሠራት ጥለት ያላት ነጠላ ለብሻለሁ። አንዲት ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች፤ ቤት ሙሉ ሰው እጁን አጣምሮ አፍ አፌን ያያል። እኔ «ለብቻው የሚበላ ለብቻው ይሞታል» እየተባልኩ ያደግሁ፣ አንድ ገበታ ስድስት ሰው የሚከብበት ቤት ልጅ! ጎረስኩ። ጣፈጠ፣ ከዚያ አቃጠለ፣ ከዚያ ዓሣ ዓሣ አለ። ጉሮሮዬ እንቢ አለኝ፤ ገፍቼ አወረድኩት። ሁለተኛውን ላባረው ብዬ በጉርሻ ወደ ቶማስ አፍ ስሰነዝር እማማ ሶስና እጄን አየር ላይ ያዙት። «አይሆንም! ያንተ ነው! ብላ ልጄ፣ አንተ ብላ።» ልብ በሉ፣ አማርኛውን የለመዱት ከገበያ ነው፤ ወንድና ሴት አይለዩበትም፤ እኔን እስከ ዕለተ ሞታቸው «አንተ» እንዳሉኝ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። ለወራት «አይሆንም» ያሉ ሴት መሆናቸውን ማን ያምናል፤ ፈርተው ነበር። «ጥሩ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «እጅዎ ይባረክ እማማ! እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም!» አልኩ። እውነቴን እኮ ነው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እማማ ሶስና አንገቴን ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ እናቴ ቤት ማትረፍ ንቀት ነውና ሳህኑን በቂጣ ጠርጌ ጨረስኩ። እነሱ ዘንድ ባዶ ሳህን ጨምሩልኝ ማለት ኖሯል። ተጨመረ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን እሑድ ሁሉ ቁጠሩት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ እሱ ጸሎት ቤቱ ደርሶ፣ ከዚያ ሲቀላ ላይ ተገናኝተን በጭነት መኪናም በእግርም ወደ ላንቴ። ያልሞከርኩት ማምለጫ የለም። «ጾም ነው እማማ» አልኳቸው። ለካስ ጎረቤት ጠይቀው አጥንተውታል፤ ቅቤውንና ዓሣውን አስቀርተው በለውዝ ዘይት ሠርተው ጠበቁኝ፤ ያ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ነበር። «ጨጓራዬን አመመኝ» አልኩ። «ሙዝ ለጨጓራ መድኃኒት ነው» ብለው ሙዙን አበዙት። ወባ ይዞኝ ተኝቼ ሳለ እንኳ ሴቻ ድረስ በእግራቸው ተሸክመውልኝ መጡ። ዳዊትን የወለድኩ ጊዜ ገንፎ ይጠብቀኛል ብዬ ሳልም ሁለት ድስት መጣ። የላንቴ ሴቶች ደግሞ «የአስናቀች ሽሮ» ብለው ስም አወጡለት። በመንገድ ሳልፍ «ቲቸር፣ ያንተን ሠርቻለሁ፣ ግባ!» የሚሉኝ ነበሩ፤ እኔም እንደ ሌባ በጫካ በጫካ ማለፍ ጀመርኩ። ቶማስን ለመንኩት። «አንተ ንገራቸው፤ እናትህ አይደሉም?» አልኩት። ቶማስ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አስኔ፣ እናቴ ገበያ ላይ በአንቺ ምን ያህል እንደምትኮራ አታውቂም። ‹የሰሜን ልጅ እጄን ወደደችው› ነው ወሬዋ። ብነግራት ‹ውሸቷን ኖሯል፤ ሌላውስ?› አትልም?» አለኝ። ሽሮው ውሸት ከሆነ ፍቅሬም ውሸት ሊመስላቸው ነው።

አንድ ጊዜ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አባቴ ከቢቸና ሊጠይቁኝ መጡ። በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን አላወልቅም ብለው፣ ዱላቸውን ታቅፈው፣ ላንቴ ገቡ። ለእሳቸው ዓሣ ተጠብሶ ቀረበ፤ ለእኔ የእኔው መጣ። አባቴ እንደ አገራችን ወግ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከእኔ ሳህን አጠቀሱ። ቤቱ «ውይ!» ብሎ ደነገጠ። እማማ ሶስና የድሮውን ሁሉ ትተው የለ፣ ወዲያው ዐይናቸውን ጨፍነው ለዕድሌ መጸለይ ጀመሩ። አባቴ ማኘኩን አቆሙ። አዩኝ። ዋጡ። «ተመስገን» አሉ። ከምግብ በኋላ ወደ ሙዙ መሀል ወሰዱኝና በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ ጠየቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አንዴ ነው የምጠይቅሽ። ይቀጡሻል እንዴ?»

«ኧረ አባዬ! ምን ሲደረግ!»

«ታዲያ ያ ምንድን ነው?»

«ምግቤ ነው። እወደዋለሁ ብያቸዋለሁ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«አልወደውም።»

«እና ለምን አልሽ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነዋ አባዬ!»

ወባ፣ ሙቀት፣ የማላውቀው ቋንቋ፣ ያ ሳህን፤ ሁሉም ነገር በአንዴ መጣብኝና አለቀስኩ። «ጓዝሽን አስሪ ብልሽ ትመጫለሽ?» አሉኝ። በቅጠሉ መሀል ቶማስ ይታየኛል፤ አባቴን ሙቀቱ እንዳይጎዳቸው መደብ ላይ ቅጠል እያነጠፈ፣ የጸሎት ቤቱን መዝሙር ያንጎራጉራል። መሄድም አማረኝ፤ መሄድም አልቻልኩም። «አልመጣም» አልኩ። «እንግዲያው ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃልሽ ነው፤ ብይ» አሉኝ። ይባስ ብለው ሲሰናበቱ የእማማ ሶስናን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄን አደራ፤ ያንን ቀለቧን እንዳያጓድሉባት» ብለው አረፉት! የእኔ አባት! እስከ ዛሬ ስለዚህ ይቅር አላልኳቸውም፤ ሳስበው ግን እስቃለሁ።

ቶማስ ከእናቱ ቀደመ። ያንን አላወራም፤ አልችልም። ለቅሶው ሲያበቃ ዘመድ ሁሉ «አሁን ምን ይዟት ትቀራለች፣ አገሯ ትገባለች» ብሎ አወራ። ከጎጃምም ወንድሜ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። እሑድ ደረሰ። ዳዊትን ይዤ ላንቴ ስሄድ እማማ ሶስና ከደጃፉ ላይ ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ሳያስተካክሉት ነው የቆሙት። «መጣህ?» አሉኝ። «መጣሁ እማማ።» ሳህኑን አመጡ፤ ቅቤው ረግቶ ነበር፤ ስንት ሰዓት እንደጠበቁኝ ከዚያ ገባኝ። ተረት ቢሆን ያን ቀን ጣፈጠኝ እላችሁ ነበር። አልጣፈጠኝም። እያለቀስኩ በላሁት። ወንድሜንም ብቻውን መለስኩት።

እማማ ሶስና የተኙ ጊዜ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ዳዊት ሊዲያን ባገባ በዓመቱ ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ አልጋ ላይ ሆነው እንኳ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበር። «እሑድ አለፈህ፤ አልበላህም» ይሉኛል። «ራስህ ሥራው፤ ስትበላ ልየው» አሉኝ። ሠራሁት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ ሠራሁት፤ አንድም ነገር አላጎደልኩም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ጎረስ ሳደርግ እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ እንግዲህ ሄጃለሁ። ዕድል ምን ያደርግልኛል፣ አንዴ አቅምሰኝ» አሉ። ማንኪያውን አፋቸው ላይ አደረግሁ። ያንን ሁሉ ዘመን የሠሩት ሴት ያን ዕለት ቀመሱት።

ፊታቸው ተጨማደደ። «ኤጭ!» ብለው በሻሻቸው ጫፍ ምላሳቸውን ጠረጉት። «ይህን ነው የምትበላው? ልጄ፣ የእናንተ አገር ሰው ሆድ ምን ዓይነት ነው? ሽታው እኮ ሁልጊዜ ያቅለሸልሸኝ ነበር! አንተ ትወዳለህ ብዬ አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ነው የምሠራው።» ወይ ጉድ! እሳቸው እሳት ዳር አፍንጫቸውን አስረው፣ እኔ ገበታ ላይ ትንፋሼን ይዤ፣ ሁለታችንም ታስረን ኖረናል ለካ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። «እማማ፣ እኔም…» እስከማለት ደርሻለሁ። ግን አየኋቸው። የሚያስታውሱት እያንዳንዱ እሑድ እኔን ያስደሰቱበት ቀን ነው፤ ሴቻ ድረስ የተጓዙበት፣ ደጃፍ የቆሙበት። ያን ሁሉ ከእጃቸው ቀምቼ ባዶአቸውን ልሸኛቸው? አላደርገውም አልኩ። «እኔም ይገርመኛል እማማ፤ እወደዋለሁ» አልኩና ሳህኑን ዐይናቸው እያየ ጨረስኩት። እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። ሊዲያን ጠሩና እጇን ይዘው «እኔ ስሞት ይህን ሰው እሑድ እሑድ ማን ያበላዋል? ቃል ግባልኝ» አሏት። ሊዲያ አለቀሰች፤ ቃል ገባች። የመጨረሻዋ በር ድርግም ብላ ስትዘጋ ሰማኋት።

ሊዲያ ደግሞ ቃሏን የምትበላ ሴት አይደለችም። ሌላው ተለወጠ። ሴቻና ሲቀላ በባጃጅ ተገናኙ፤ የላንቴ ሙዝ በትልልቅ መኪና እየተጫነ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የጫኖ ማንጎ በካርቶን ይታሸጋል። የኔ ሳህን ብቻ እንዳለች አለች። ዳሌዬ ሳይሰበር ቢያንስ እግር ነበረኝ፤ እሑድ ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ ስኒ ጥቁር ሻይ፣ ያውም ያለ ስኳር፣ ጠጥቼ አፌን አጥብ ነበር። ከስኳር ጋር ከተጣላን ቆየን። አሁን የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ይመጣል፤ ሊዲያ «እማዬ፣ ይጨመር?» እያለች አጠገቤ ትቆማለች፤ ሳህኑ ካላለቀ ሐኪም ካልጠራሁ ትላለች።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሜሮን እጮኛዋን ይዛ መጣች። ይበልጣል ይባላል፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ነው የተዋወቁት። «እንደምን ዋሉ እማማ» ሲለኝ በዚያ በአገሬ ዜማ አንጀቴን በላው። ቀጭን፣ ዐይነ አፋር፣ የሚቀመጥበትን የማያውቅ። ሊዲያ ሽር ጉድ አለች። መጀመሪያ የኔን ሳህን አመጣች። ቀጥላ ሌላ ሳህን፣ አዲስ፣ ጥቁር ሸክላ፣ ይዛ መጥታ ከልጁ ፊት አስቀመጠች። «እሱም የእማዬ አገር ሰው ነው ብዬ የእማዬን ሠራሁለት! በስሙ ነው የሠራሁለት» አለች ለሁላችንም። ዳዊት እጁን አጣመረ፤ ሜሮንም አጣመረች፤ ሁሉም የልጁን አፍ ያያል።

ጎረሰ። ጉሮሮው ሲታገል አየሁት። እኔ የማውቃት መንገድ ናት፤ ጣፋጩ፣ ማቃጠሉ፣ ዓሣው። ዋጠ። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሊዲያ ጎንበስ ብላ «ይጣፍጣል?» አለችው። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ዙሪያውን ቃኘና በመጨረሻ እኔን አየኝ። ከንፈሩ ሲላቀቅ፣ «እጅዎ ይባረክ» ሊል መሆኑ ገባኝ። በዚያች ቅጽበት ምላሴ ጫፍ ላይ ያቺ ያረጀች ዓረፍተ ነገሬ ነበረች። ብናገራት እሱም እኔም ነፃ ነን። ሊዲያን አየኋት፤ የእማማ ሶስናን ፊት ለብሳ ቆማለች፤ ያንኑ ፍርሃት፣ ያንኑ ተስፋ። ተናድጄም ነበር፤ አዝኜም ነበር፤ እንዴት ልበላችሁ።

ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት። «ሊዲያ! ምን ነክቶሽ ነው?» ያ የክፍል ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ዝንብ እንኳ ጸጥ አለች። «ይህ በማን ስም የተሠራ ምግብ ነው? በእኔ አይደለም? እኔ በሕይወት ሳለሁ ድርሻዬን ለሌላ ሰው ታድያለሽ? ዕድሌን ልታስበይብኝ ነው?»

«ውይ እማዬ! ውይ! በሞትኩት፣ ይቅር ይበሉኝ!» ሊዲያ ጉንጯን ይዛ ሳህኑን ከልጁ ፊት አነሣችና የኔው ሳህን አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ለልጁ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ መጣለት። ዳዊት «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ ትሰስቺያለሽ!» ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ። ይበልጣል ብቻ አልሳቀም። ዓሣውን ከመንካቱ በፊት ጠጋ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለኝ። «ብላ ልጄ፣ አንተ ብላ» አልኩት። ሁለቱንም ሳህን ጨረስኩ። ከዚህ በኋላ ማንም፣ እኔም ራሴ ብምል፣ ሽሮ በሙዝ አልወድም ብል የሚያምነኝ የለም።

ዛሬ እሑድ ነው። ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፤ ሙዙ ገብቷል። ሊዲያ ስታነሣኝ በማድ ቤቱ በር አጮልቄ አየሁ። የወትሮው ድስት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለት ሳህን ለጨረሰችው ለእኔ ተብሎ እሳት ላይ የተጣደው ለበዓል የምናወጣው ትልቁ ነው።